ያልደረሰውን ቀን አስቀድሞ ስለ መመርመር



በዚህ መጽሔት ላይ ዘወትር የሚጻፈው ስለ ትምህርት፣ ስለ አገርና ስለ ናፍቆት ነው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ከሕክምና ተማሪ የማይጠበቅ ነገር ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ቀንና ሰዓትን እንዴት እንደሚያውቁ፣ ገና ያልደረሰ ቀንም በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ደረሰ ተደርጎ እንዴት እንደሚሞከር ነው። ወደዚህ ጉዳይ የገባነው ለዕውቀት ካለን ፍቅር የተነሣ ነው ብንል ውሸት ይሆናል፤ የገባነው በኪሳችን በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ካይሮ የመጣን፣ በአንድ ቤት የምንኖር አራት የሕክምና ተማሪዎች ነን። ሐሙስ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024፣ የወርኃዊ ድጎማችንን ውል ለአንድ ዓመት ለማሳደስ አራታችንም አብረን ሄድን። ቀኑን የመረጥነው እኛው ነን፤ በዚያን ዕለት የሆስፒታል ተራ አልነበረብንም። ሰነዶቻችንን አቀረብን፣ ፈረምን፣ ማኅተም ተመታልን፤ ሻይ ጠጥተን ወደ ቤታችን ተመለስን። በሚቀጥለው ወር የሌላው ተማሪ ሁሉ ገንዘብ ሲገባ የእኛ የአራታችን ቀረ።

መሥሪያ ቤቱን በስም አንጠራውም፤ የደረሰብን ነገር በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሊደርስ የሚችል ነውና። በመስኮቱ በኩል ያነጋገሩን ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበሩ። ፋይላችንን አውጥተው አገላበጡና “ወረቀታችሁ ሙሉ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን አያውቃችሁም” አሉን። በሳምንቱ ተመለስን፤ መልሱ ያው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ አንዳችን “እንግዲህ እኛ በሕይወት የለንም ማለት ነው” ብሎ ቢቀልድ የሳቀለት አልነበረም።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን፣ ገብተው ነበር። በመካከላችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስላለ ጦም ማደራችን ለጎረቤት እንግዳ ነገር አልሆነም፤ ጾሙ ችግራችንን ሸፈነልን። ማታ ማታ በየመንገዱ ለአላፊ አግዳሚ በሚዘረጋው የማፍጠሪያ ማዕድ ላይ አራታችንም እንቀመጥ ነበር። ሥጋውን ወደ ሙስሊሞቹ፣ ፉሉንና ሰላጣውን ወደ ክርስቲያኖቹ እየገፋን በላን፤ ማንነታችንን የጠየቀን ሰው አልነበረም። የቤት ኪራዩ ግን በጾም የሚታለፍ አልሆነም። አንዳችን የልብ ማዳመጫውን ሸጠ።

ያን ሰሞን ነው ጋሼ ሊጠይቁን የመጡት። ጋሼ የምንላቸው ታላቃችን አዲስ አበባ ሳሉ ለብዙ ዓመታት በኮምፒዩተር ክፍል የሠሩ፣ አሁን ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚያጠኑና ለልምምድ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የኮምፒዩተር ማዕከል የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ሽሮና በርበሬ ይዘውልን መጡ። ብሶታችንን ከነገርናቸው በኋላ እኛ በሽተኛን እንደምንጠይቅ ይጠይቁን ጀመር።

“የፈረማችሁት መቼ ነው?”

“ሐሙስ ዕለት።”

“ሐሙስ ማንንም አያምም። ቀኑን ንገሩኝ።”

“ፌብሩዋሪ 29።”

ጋሼ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። “ውሉ የሚያበቃውስ መቼ ነው?”

“ከአንድ ዓመት በኋላ ነዋ፣ ጋሼ።”

“እናንተ ሐኪሞች፣ ቀኑን ጥሩልኝ እስቲ።”

“ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2025” ለማለት ጀምረን መሀል ላይ ቆምን። እንዲህ ያለ ቀን የለም።

ጋሼ የገመቱት በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ውሉን የሚመዘግበው ፕሮግራም የማብቂያውን ቀን ሲያሰላ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ትቶ ዓመቱ ላይ አንድ ይጨምራል። በ2025 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለ ሆነ ከእርሱ ቀጥሎ የሚሠራው የክፍያ ፕሮግራም የእኛን መዝገብ ሲያይ የተሳሳተ ቀን ነው ብሎ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ወደ ጎን የተቀመጡት መዛግብት በዝርዝር ይታተማሉ፤ ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ግን አልነበረም። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ አላወቃችሁም የተባልነው ለዚህ ነው። ቀኑን በእጅ ወደ ፌብሩዋሪ 28 አስተካክለውልን ገንዘባችን የገባው ከኢድ በኋላ ነው። ማዳመጫውን የሸጠው ጓደኛችን ወደ ሱቁ ቢመለስ ዕቃው ለሌላ ሰው ተሸጦ አገኘው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አስደነቀን። የፈረምንበት ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 21 ነው፤ የካቲት 21 ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል። ውላችን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብን ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ መኩራራት አይገባንም፤ የእኛም ጉድ ጳጉሜን 6 ነው። ከአራታችን አንዱ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ስለ ሆነ ቅጽ በሞላ ቁጥር ይቸገራል፤ ስድስተኛው ቀን በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል፣ 13ኛውን ወር ደግሞ አብዛኛው ቅጽ አያውቀውም። በዚሁ በካይሮ እንደኛ 13 ወር የሚቆጥሩት ቅብጦች ብቻ ናቸው ነገሩን ሳናስረዳቸው የሚገባቸው።

ጋሼ እንዳስረዱን ይህ ስሕተት ድሀ መሥሪያ ቤትን ብቻ የሚያጠቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 አዙር የተባለው የማይክሮሶፍት አገልግሎት ለብዙ ሰዓታት የተቋረጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የምስክር ወረቀት ሲያዘጋጅ ማብቂያውን ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2013 ብሎ ጻፈ። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1996 በኒውዚላንድ ቲዋይ ፖይንት የሚገኘው የአሉሚኒየም ማቅለጫ የቁጥጥር ኮምፒዩተሮች ቆመውበታል። ያ ዓመት 366 ቀን እንዳለው ፕሮግራሙ አያውቅም ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ አይችልም ነበርን? ብለን ጠየቅን። ጋሼ “ይቻላል፤ ቀኑ እስኪመጣ ድረስ መቀመጥ ግን አያስፈልግም፤ ቀኑን ወደ ፕሮግራሙ ማምጣት ነው” አሉን። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ቀንን የሚያውቀው እንዴት እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ሜይንፍሬም የተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር፣ አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1970 ካወጣው ሲስተም 370 ጀምሮ፣ በውስጡ ያለው ሰዓት ወር ወይም ዓመት የሚባል ነገር አያውቅም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ የሚያመለክት፣ ሳያቋርጥ የሚያድግ አንድ ረጅም ቁጥር ነው። ቁጥሩ 64 ቢት ርዝመት ስላለው ሞልቶ ወደ ዜሮ የሚመለሰው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 2042፣ በእኛ መስከረም 7 ቀን 2035 ዓ.ም. ነው፤ ለዚህም ረዘም ያለ ሌላ የሰዓት ቁጥር ተዘጋጅቶለታል። ቀንና ወር የምንላቸው ሁሉ ከዚህ ቁጥር እየተሰሉ የሚወጡ ትርጉሞች ናቸው።

ይህ ለሌላ አገር ተማሪ ሊከብድ ይችል ይሆናል፤ ለእኛ ግን የየዕለት ኑሯችን ነው። እናቶቻችን ከአገር ቤት “በ3 ሰዓት ደውሉ” ሲሉን ሆስፒታሉ ያንኑ ሰዓት 9 ይለዋል። ዓለም 2000 ዓመት ገባ ብሎ ርችት ከተኮሰ ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ ቆይተን እኛ የራሳችንን 2000 መስከረም 1 ቀን፣ በእነርሱ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007፣ ተቀብለናል። ቀን ማለት ለጠየቀው ሰው የሚሰጥ መልስ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ቀን ማስመሰል የሚባለውም ሥራ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ፕሮግራሙ “ዛሬ ስንት ነው?” ብሎ ሲጠይቅ የምንፈልገውን መልስ መስጠት ነው።

ቀላሉ መንገድ የማሽኑን ሰዓት ማዞር ይመስላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ የሁሉም ነው፤ በዚያው ማሽን ላይ ሺህ ሥራዎች ይሠራሉ። ወደ 2028 ቢያዞሩት የይለፍ ቃሎች በአንድ ጊዜ ጊዜያቸው ያልፋል፣ በኪራይ የተገኙ ሶፍትዌሮች ፈቃዳቸው ያበቃል። “እስከዚህ ቀን ድረስ ይጠበቅ” ተብሎ የተቀመጠ የመረጃ ቴፕም ቀኑ ያለፈ መስሎ ሌላ ነገር እንዲጻፍበት ይለቀቃል። ሰዓቱን ወደ ቦታው ከመለሱት በኋላም የወደፊት ቀን የተጻፈባቸው መዛግብት ይቀራሉ፤ እነርሱን ለቅሞ ማጽዳት ከሙከራው ይብሳል። ስለዚህ ሰዓት ማዞር የሚቻለው ማሽኑን በክፍል በክፍል ለይቶ ለሙከራ ብቻ በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህም ወጪ አለው፣ በዚያ ክፍል ያሉትም ሞካሪዎች ሁሉ በአንድ ቀን ለመኖር ይገደዳሉ።

እኛ ሐኪሞች ለመሆን የምንማር ስለ ሆንን ነገሩን በራሳችን ቋንቋ ተረጎምነው። የማሽኑን ሰዓት ማዞር ለአንዲት ጥርስ ሲባል ሰውን ሙሉ በሙሉ እንደ ማደንዘዝ ነው። ሌላው ዘዴ ደግሞ ጥርሱ ያለበትን ስፍራ ብቻ ማደንዘዝ ነው። የፕሮግራሞች የቀን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ያልፋል፤ የሚያልፍበትም በር ኤስ.ቪ.ሲ. 11 ይባላል። የቀን ማስመሰያ ሶፍትዌር በዚህ በር ላይ ይቆምና የጠያቂውን ማንነት ያያል። በዝርዝሩ ላይ ያለ የሙከራ ሥራ ከሆነ የታዘዘለትን ቀን ይነግረዋል፤ ካልሆነ እውነተኛውን መልስ ያሳልፍለታል። አንዱ ሞካሪ በፌብሩዋሪ 2028፣ ሌላው በዲሴምበር 2024፣ የተቀረው ዓለም ደግሞ በዛሬው ቀን፣ ሁሉም በአንድ ማሽን ላይ ይሠራሉ። ሲፈለግ ሰዓቱ በአንድ ቅጽበት ላይ ይቆማል፤ ሲፈለግ ከእኩለ ሌሊት አምስት ደቂቃ በፊት ይጀምርና እንደ ተራ ሰዓት እየሄደ ወደ ማግሥቱ ይሻገራል። ለ2000 ዓመት ዝግጅት በተደረገበት ጊዜ እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች ብዙ ሥራ ሠርተዋል፤ ከነርሱም አንዱ አወርግላስ 2000፣ ማለትም የአሸዋ ሰዓት 2000፣ ይባል ነበር።

ጋሼ ይህን ሁሉ ያጫወቱን በከንቱ አልነበረም። የሚሠሩበት ማዕከል የጤና ኢንሹራንስ ፕሮግራሞቹን ለሚቀጥሉት ዓመታት ቀኖች ሊሞክር ነበር። “ፕሮግራመር የሚፈራውን ቀን እኛ እናውቃለን፤ ሐኪም የሚፈራውን ቀን ግን እናንተ ጻፉልን” አሉን። የእውነተኛ በሽተኛ ስምም ሆነ ታሪክ እንዳይገባበት አስጠነቀቁን። ማታ ማታ በማብሰያ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የሌሉ ሰዎችን እየፈጠርን 40 ጉዳዮችን ጻፍን።

ከነዚህ መካከል ጥቂቱን እንጥቀስ። ፌብሩዋሪ 29 የተወለደች ሕፃን አንድ ዓመት የሚሞላት መቼ ነው? በዲሴምበር የተወለደ ሕፃን የ6 ሳምንት ክትባቱን፣ ማለትም 42ኛ ቀኑን፣ ዓመት ተሻግሮ በትክክል ያገኛልን? ዲሴምበር 31 ቀን 2024 የዓመቱ 366ኛ ቀን ነው፤ በዚያን ዕለት ሆስፒታል የገባና በማግሥቱ የወጣ ሰው የተኛው ስንት ሌሊት ነው? በእናቶች ክፍል ይለማመድ የነበረው ጓደኛችን ደግሞ ከሁሉ የከበደውን አመጣ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2023 የበጋ ሰዓትን እንደገና ጀምራለች፤ በኦክቶበር የመጨረሻው ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ሰዓቱ ወደ 5 ይመለሳል። ስለዚህ በዚያች ሌሊት ከ5 እስከ 6 ያለው ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል። መንታ ከሚወለዱት አንደኛው በመጀመሪያው 5 ሰዓት ከ50 ቢወለድና ሁለተኛው ከ20 ደቂቃ በኋላ ቢከተለው የሁለተኛው ሰዓት 5 ከ10 ተብሎ ይጻፋል፤ በመዝገቡ ላይ ታናሽየው ታላቅ ይሆናል። መድኃኒት በየ4 ሰዓቱ የሚሰጠው በሽተኛም በዚያች ሌሊት ወይ ቀድሞ ይወስዳል ወይ ይዘገያል።

አምስተኛውን ጉዳይ የጻፍነው በቂም ነው። “አራት ተማሪዎች ፌብሩዋሪ 29 ቀን ለአንድ ዓመት ይፈርማሉ።”

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼ የሙከራውን ውጤት አሳትመው ይዘው መጡ። ሙከራው የተካሄደው ቀኑ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2028 ነው ተብሎ ነበር። 40ዎቹም ጉዳዮች አልፈዋል፤ አንድም ስሕተት አልነበረም። እጅግ ደስ አለን፤ ጋሼ ግን ወረቀቱን እንደያዙ ዝም አሉ። ከዚያም ጣታቸውን በአንደኛው ገጽ አናት ላይ አደረጉ። ቀኑ የታተመው ያው የጁን ወር 2024 ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሰዓቱ የሚወስደው በር አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ፕሮግራም በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ሳያልፍ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ የሚጠይቅበት መመሪያ አለ፤ ማስመሰያው በኤስ.ቪ.ሲ. 11 በር ላይ ቢቆምም ይህ ጥያቄ በጓሮ ይገባል። የመረጃ ቋቱም የራሱ የሆነ “ዛሬ” አለው። በኮቦል የተጻፉት ፕሮግራሞችም ገሚሶቹ ቀኑን የሚጠይቁት ዓመቱን በሁለት አኃዝ በሚያመጣው በአሮጌው መንገድ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በአራት አኃዝ በሚያመጣው በኋለኛው መንገድ ነው። ማደንዘዣ ወግተን ሳለ ሌላ የነርቭ ቅርንጫፍ ሕመሙን እንደሚያስተላልፍ ማለት ነው። ሌላም ጉድለት ነበር፤ ሰዓቱ ወደ 2028 ሲወሰድ የሙከራዎቹ ሰዎች መዝገብ በ2024 ቀርቷል። አራስ ብለን የጻፍናቸው ሁሉ የ4 ዓመት ልጆች ሆነው ስለ ቆዩ የክትባታቸው ጉዳይ ጭራሽ አልተነሣም። ሰዓቱ ወደፊት ሲሄድ መዝገቡም እኩል ማርጀት ነበረበት።

ስለዚህ 40ዎቹ ያለፉት ጤነኞች ስለ ሆኑ ሳይሆን ስላልተመረመሩ ነው። ያን ማታ ከተማርነው ሁሉ የበለጠ የጸናብን ይህ ነው። በሕክምና ትምህርት በሽታ እያለ “የለም” የሚል ምርመራ ከምርመራ ማጣት የከፋ መሆኑን ተምረናል፤ ያልተመረመረ ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል፣ “ደኅና ነህ” የተባለ ግን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጋሼና ባልደረቦቻቸው በሮቹን አንድ በአንድ ፈልገው ዘጉ፣ መዝገቡንም ከሰዓቱ ጋር አስረጁት፣ ሙከራውንም ደገሙት። በዚህ ጊዜ ሦስት ጉዳዮች ወደቁ። አንዷ የፌብሩዋሪ 29 ሕፃን ነበረች፤ አንድ ዓመት ሳይሞላት ኢንሹራንሷ ተቋርጦ ተገኘ። ሁለተኛው የመንታዎቹ ነው። ሦስተኛው የእኛው የአራታችን ሆነ። የወደቅነው ግን በወረቀት ላይ ነው፤ የተራበ ሰው አልነበረም፣ ዕቃውን የሸጠም የለም። ፕሮግራሙም ታረመ።

ነገሩ በገንዘብ ብቻ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። ትምህርታችን ስለሚነካው አንድ የታወቀ ጉዳይ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባለው ጊዜ የነፍሰ ጡሮችን የደም ምርመራ ውጤት ያሰላ የነበረው የላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ዓመቱ ከ1999 ወደ 2000 ሲለወጥ የእናቶችን ዕድሜ በስሕተት ማስላት ጀመረ። ኮምፒዩተሩ ሜይንፍሬም አልነበረም፤ የስሕተቱ ዘር ግን አንድ ነው። ጽንሱ ዳውን ሲንድሮም እንዳይኖረው ያለው ሥጋት የሚገመተው ከደሙ ምርመራ ጋር የእናቲቱን ዕድሜ በማየት ስለ ሆነ፣ ዕድሜው ሲሳሳት ግምቱም ተሳሳተ። ከ150 በላይ ለሚሆኑ ሴቶች የተሳሳተ መልስ ተሰጠ። ሥጋታችሁ ዝቅተኛ ነው ከተባሉት መካከል አራቱ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ወለዱ፤ ሁለት ጽንሶችም በዚሁ ምክንያት እንዲቋረጡ ተደርገዋል። ነገሩ የተደረሰበት በማሽን አይደለም፤ ቁጥሩ ከተለመደው በዝቶ ያየች አንዲት የጤና ባለሙያ ጠይቃ ነው።

እኛ እዚህ ላይ የምንፈርደው በልጆቹ መወለድ ላይ አይደለም። እነዚያ ሴቶች ስለ ራሳቸው ትክክለኛ መልስ የማግኘት መብት ነበራቸው፤ ያ መልስ የተነፈጋቸው አንድ ሰው አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን “ዛሬ ጃንዋሪ 2000 ነው” ብሎ ሳይጠይቀው ስለ ቀረ ነው። በማለማመጃ አሻንጉሊት ደረት ላይ ሳንለማመድ የሰው ደረት እንድንጫን የሚፈቅድልን መምህር የለም። ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፌብሩዋሪ 29 የሚያየው በሕያው ሰው ላይ ነው።

በመጨረሻም ለአባላት የምንለው አለን። አንደኛ፣ ቀጣዩ ፌብሩዋሪ 29 የሚውለው እ.ኤ.አ. በ2028፣ በእኛ የካቲት 21 ቀን 2020 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ ማክሰኞ፣ የሥራ ቀን ነው። በዚያን ዕለት ውል የምትፈርሙ የማብቂያውን ቀን ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡ። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተር የምታጠኑ ወንድሞችና እኅቶች ነገ አገር ቤት ገብታችሁ የሆስፒታልና የጡረታ ፕሮግራም ስትጽፉ ጳጉሜን 6ን ሞክሩ፤ ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ነው፣ ሩቅ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሕክምና የምናጠናም ብንሆን “ይህ የኮምፒዩተር ሰዎች ሥራ ነው” ብለን አንሸሽ፤ ሕፃን በስንተኛው ቀን እንደምትከተብ የምናውቅ እኛ ነን፤ ያንን ካልጻፍንላቸው የሚሞክሩት የሚያውቁትን ብቻ ነው።

ወደ መስኮቱ ተመልሰን ለሠራተኛው ምክንያቱን ነገርናቸው። በጥሞና ሰሙንና “እንግዲህ ያን ዝርዝር እኔ አነበዋለሁ” አሉን። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ጉዳይ በሄድን ቁጥር የታተመው ዝርዝር በጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቶ፣ በእርሳስ ተሰምሮበት እናየዋለን። ማዳመጫው ግን እስካሁን አልተተካም፤ አራት ተማሪዎች በሦስት እየተፈራረቅን እንሠራለን። ማለዳ ወደ ሆስፒታል ስንወጣ ማን ያለ ማዳመጫ እንደሚውል በር ላይ ቆመን እንማከራለን።